በጓሳ ሜዳ ላይ ስለ ታየ አንድ የወረቀት መንኰራኵር

ባለፈው ዓመት በበጋው ወራት ለሥራ ጉዳይ ወደ መንዝ ሄጄ ነበር። በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አልፌ፥ መሐል ሜዳ ከተማ አድሬ፥ በማግሥቱ ማለዳ ወደ ጓሳ ወጣሁ። ስፍራውን ላላዩት አንባቢዎች ባጭሩ ለመግለጽ ያህል፥ ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ያለው፥ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል የደጋ ሜዳ ነው። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው የጓሳ ሣር ነው። ጅብራው እንደ ዘብ ቆሞ፥ ጭላዳው በመንጋ ተሰማርቶ፥ ቀይ ቀበሮውም ዐይጥ ሲያድን ይታይበታል። ማለዳ ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ ሲያዩት የተሰጣ ባዘቶ ይመስላል። እኔም በርኖሴን ተከናንቤ ይህን በማድነቅ ላይ ሳለሁ፥ በግ በሚጠብቅ በአንድ ልጅ እጅ ላይ ያየሁት ነገር ከጭላዳውም ከቀበሮውም ይልቅ ዐይኔን ሳበው።

ነገሩ አንድ ክንድ ያህል ርዝመት ያለው የወረቀት ዕቃ ነበረ። ገላው ከሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት በሦስት ድርብ ተጠቅልሎ በዱቄት ሙጫ ተጣብቋል። አፍንጫው ሹል፥ ክንፎቹ ሦስት፥ መስኮቶቹ በከሰል የተሣሉ ናቸው። በጭራው በኩል እሳት የሚወጣባቸው አራት ቀዳዳዎች አሉት። ገላው እንዳይረግብ የአስታ እንጨት በቀጭኑ ተጠርቦ በውስጡ ገብቶለታል፤ እንጨቱም የታሰረው በተገመደ የጓሳ ሣር ነው። ልጁ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ቢሆን ነው።

«ልጄ፥ ይህ የያዝኸው ምንድን ነው?» አልሁት።

«መንኰራኵር ነው ጋሼ።»

«እንዲህ ያለ መንኰራኵር የት አየህ?»

«እንዲህ ያለስ የለም። መሐል ሜዳ በስልክ ፊልም አይቻለሁ፤ የዚያኛው ግን ክንፉ ሁለት ነው። ይኸኛው ወጣ ገባ ባለ መሬት ላይ ስለሚያርፍ ሦስት እግር ያሻዋል ብዬ ክንፉን እግርም አደረግሁት።»

በሦስት እግር የቆመ ዕቃ መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም እንደማይወዛወዝ ለልጁ ያስተማረው የእናቱ ምድጃ ይሁን ወይም ሌላ፥ አልጠየቅሁትም። በዚህ መካከል ጥቂት ራቅ ብሎ ተቀምጦ የነበረው አጎቱ ቀረበና፥ «ጌታው፥ አያድምጡት። እሱ ወረቀት ሲያጣጥፍ በጉ ገደል ይገባል። ትምህርት ቤትም በዚሁ ነገር ተጣልቶ ነው የመጣ» አለኝ። ነገሩን በዝርዝር ስጠይቅ፥ ልጁ የመጀመሪያውን መንኰራኵር የሠራው ከሒሳብ ደብተሩ ወረቀት እየገነጠለ ኖሯል። መምህሩ ይህን ባየ ጊዜ ዕቃውን በተማሪዎች ፊት ቀዳዶ ጣለው። ልጁም አፍሮ ስድስት ቀን ከትምህርት ቀረ። ሁለተኛውን የሠራው ማንም እንዳይቈጣው ከተጣለ ከረጢት ነው።

እውነቱን ለመናገር፥ በመጀመሪያ ላይ ልቤ ወደ አጎትየው አድልቶ ነበር። ደብተር በገንዘብ ይገዛል፤ ለመንዝ ገበሬ የአንድ ደብተር ዋጋ ቀላል አይደለም። በግም ገደል ከገባ ኪሳራው የቤተ ሰቡ ሁሉ ነው። ዳሩ ግን ወደ አዲስ አበባ ስመለስ በመንገድ ሳለሁ ስለዚህ ነገር አብዝቼ አሰብሁ፤ ባሰብሁም መጠን የተሳሳትን እኛ ትልልቆቹ እንጂ ልጁ አይደለም ወደሚለው ዐሳብ አዘነበልሁ። ዛሬም ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣሁት ነገሩ የአንድ ልጅ ብቻ ስላልሆነ ነው። በየከተማውና በየገጠሩ ከወረቀትና ከካርቶን አውሮፕላን፥ መኪና፥ መንኰራኵር የሚሠሩ ልጆች ብዙ ናቸው። የእኛም አነጋገር በያለበት አንድ ነው፤ «ሥራ ፈት!» እንላቸዋለን።

እኔ ራሴ በልጅነቴ በቆሎ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከዚህ የማይሻል ጥፋት ሠርቻለሁ። ዳዊት ልደግም ተቀምጬ፥ የሻማ ጠብታ ሰብስቤ ትንሽ መርከብ አበጀሁ። የኔታ ባዩኝ ጊዜ ኵርኵም ጠብቄ አንገቴን ሰበርሁ። እሳቸው ግን ሰሙን ተቀብለው አገላብጠው አዩና፥ «ይህ የኖኅ መርከብ ከሆነ ርዝመቱ ሦስት መቶ፥ ወርዱ አምሳ፥ ቁመቱ ሠላሳ ክንድ መሆኑን መጽሐፍ ይነግርሃል። ያንተኛው ግን እንደ ዳቦ ድፍን ነው። አፍርሰህ በልኩ ሥራው» አሉኝ። ሠላሳ ጣት፥ አምስት ጣት፥ ሦስት ጣት እያልሁ ስለካ ዋልሁ። ትልቁን ነገር ልኩን ሳያጡ ማሳነስ እንደሚቻል የገባኝ በዚያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የተማርሁት ብዙ ነገር ከልቡናዬ ሲጠፋ ይህ ግን አልጠፋም።

ምናልባት አንዳንድ ሰው መንኰራኵርና ጠፈር የባዕድ ነገር ነው፥ የኛ ልጅ ምን አገባው ይል ይሆናል። እስቲ ስሙን እንመልከት። መንኰራኵር በግዕዝ የሠረገላ እግር ነው፤ ነቢዩ ሕዝቅኤልም በራእዩ ያየውን በመጽሐፋችን በዚህ ስም እናነበዋለን። ወደ ጠፈር የሚወጣ ዕቃ በዓለም ላይ በታየ ጊዜ የአማርኛ ጸሐፊዎች ስም ፍለጋ ወደ ውጭ አገር አልሄዱም፤ ከቤተ ክርስቲያን ቋንቋ አንሥተው ሰጡት። መጽሐፈ ሄኖክም ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት ደጆችና የምትገባባቸውን ስድስት ደጆች እየቈጠረ የሰማይን ብርሃናት አካሄድ የሚያስረዳ መጽሐፍ ነው። ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ጀምስ ብሩስ የተባለው መንገደኛ በ1773 እ.ኤ.አ. ቅጂዎቹን ይዞ ወደ አውሮፓ እስኪመለስ ድረስ የዚያ አገር ሊቃውንት ሙሉውን አላዩትም ነበር።

ከዚህም አልፎ ክብረ ነገሥትን ያነበበ ሰው፥ ንጉሥ ሰሎሞን ለንግሥት ማክዳ ከሰጣት ስጦታ መካከል በባሕር ላይ የሚሄድ ዕቃና በአየር ላይ የሚሄድ ዕቃ እንደ ነበረበት ያውቃል። የምኒልክም ሠረገሎች ከምድር ከፍ ብለው እንደ ተጓዙ በዚያው ተጽፏል። ይህን የማነሣው አባቶቻችን አውሮፕላን ነበራቸው ለማለት አይደለም። እንዲህ ያለውን ከንቱ ትምክሕት ከሚያወሩት ወገን አይደለሁም። የምለው፥ በአየር የሚሄድ ዕቃን በልብ መሣል በዚህ አገር ከ600 ዓመት በላይ የኖረ ነገር ስለ ሆነ፥ የጓሳው ልጅ ከባዕድ የተዋሰው የፊልሙን ምስል እንጂ ምኞቱን አይደለም ነው። «ልብ ወለድ» የሚለውንም ቃል ያገኘነው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ካሳተሙት መጽሐፍ አርእስት ነው። ልብ የወለደውን እጅ ካላሳደገው ግን እንደ ተወለደ ይቀራል።

በሌላው ዓለም የሆነውን ብንመረምር፥ ልብ ወለዱ ከመኪናው ቀድሞ እንደ ተገኘ እናያለን። ዡል ቬርን የተባለው ፈረንሳዊ ከምድር ወደ ጨረቃ ስለሚደረግ ጕዞ የጻፈው በ1865 እ.ኤ.አ. ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ጕዞው የሚነሣው ከአሜሪካ ከፍሎሪዳ ነው፤ ከ104 ዓመት በኋላ በ1969 ሰዎችን ጨረቃ ላይ ያሳረፈችው አፖሎ 11 የተነሣችውም ከዚያው ከፍሎሪዳ ነው። ሮበርት ጎዳርድ የተባለው አሜሪካዊ በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ገደማ የእንግሊዛዊውን የዌልስን ልብ ወለድ አንብቦ፥ በጥቅምት 1899 እ.ኤ.አ. አንድ ቀን የቼሪ ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደ ማርስ የሚሄድ ዕቃ ስለ መሥራት ማሰብ ጀመረ። በ1926 በፈሳሽ ነዳጅ የሚሄደውን የመጀመሪያውን ሮኬት ተኰሰ። ሮኬቱ ወደ ላይ የወጣው 12 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በአየር ላይም ሦስት ሰከንድ አልሞላም። ያን ጊዜ በአጠገቡ አንድ የመንዝ አጎት ቆሞ ቢሆን ምን ይል እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። ሮኬት ሊተኰስ ሲል ቍጥርን ወደ ኋላ መቍጠርም ቢሆን በ1929 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ስለ ጨረቃ ጕዞ በተሠራ ፊልም ላይ ታይቷል፤ እውነተኛዎቹ ሮኬት ተኳሾች የተቀበሉት በኋላ ነው። በ1966 በአሜሪካ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው የጠፈር ተረት መርከቡን «ኢንተርፕራይዝ» ብሎ ሰይሟት ነበር። ዐሥር ዓመት ቆይቶ የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያዋን የጠፈር ማመላለሻ ሊሰይም ሲል ተመልካቾቹ ብዙ ደብዳቤ ስለ ጻፉ፥ መንኰራኵሯ በዚያች በተረት መርከብ ስም ተጠራች።

ወረቀትንም የመረጡት ልጆች ብቻ አይደሉም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በእንግሊዝ አገር ብረቱም እንጨቱም ለጦር ሥራ በዋለ ጊዜ መርከብና ባቡር ከካርቶን እየቈረጡ መሥራት በጣም ተስፋፍቶ ነበር። ችግር ነው እንጂ ድሎት አይደለም ወረቀቱን ያስያዛቸው። በፖላንድም ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ማዊ ሞዴላሽ» የተባለ መጽሔት ተቈርጠው የሚጣበቁ ሥዕሎችን እያተመ ለልጆች ያቀርብ ነበር። ዛሬ ደግሞ በያገሩ የሚገኙ ዐዋቂ ሰዎች፥ መሐንዲሶችም ጭምር፥ የፊልም መንኰራኵሮችን ከወረቀት አስመስለው ሲሠሩ ወራት ይፈጃሉ። አንዱ መርከብ ብዙ መቶ ቍራጭ ሊኖረው ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው ራሱ እንግባ፤ የነገሩ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ወረቀት ዝርግ ነው፤ መርከብ ግን ድቡልቡል ነው። ዝርጉን ነገር ድቡልቡል ለማድረግ አስቀድሞ በልብ መፍታት ያስፈልጋል። የሹሉን አፍንጫ ነገር እንውሰድ። አንድ ክብ ሥሎ ከመካከሉ እስከ ጠርዙ 12 ሳንቲ ሜትር ቢያደርገው፥ ከዚያም ክብ ሦስት እጅ አንዱን ብቻ ቈርጦ ቢጠቀልለው፥ ሹል አፍንጫ ይሆናል። የአፉም ክብ ከመካከሉ እስከ ጠርዙ በትክክል 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የጠርዙ ዙሪያ የትልቁ ክብ ዙሪያ ሦስተኛ እጅ ነውና። ክቡን በግማሽ ቢቈርጠው ደግሞ አፉ 6 ሳንቲ ሜትር ይሆንና እንደ መሶብ ክዳን የተደፋ አፍንጫ ይወጣዋል። ይህን በሰሌዳ ላይ በኖራ ጽፈን ብንነግረው ልጁ ያንቀላፋል። መንኰራኵሩ አልገጥም ብሎት የተናደደ ልጅ ግን ራሱ እየሮጠ መጥቶ ይጠይቀናል። የመንዝ ሴቶች መሶብና ሙዳይ ሲሰፉ ክዳኑ በአፉ ልክ እንዲገጥም ዙሩን እየቈጠሩ የሚያሰፉትና የሚያጠብቡት ይህንኑ ሒሳብ ነው። ልዩነቱ የነርሱን የእጅ ብልኀት ማንም ሒሳብ ብሎ አለመጥራቱ ነው።

ሌላም አለ። ወረቀት በዘፈቀደ ቢታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በደነዘ ቢላዋ መሥመር ይሰመርበታል። ለማጣበቂያ የሚሆን ጠርዝ ሳይተርፍ የተቈረጠ ቍራጭ ዋጋ የለውም። ውስጡ ያለው ሳይደርቅ ውጭው ከተጣበቀ ገላው ይጣመማል። የብራና ጸሐፊ ከመጻፉ በፊት ዳርና ዳሩን በወስፌ ወግቶ መሥመሩን እንደሚያሰምረው፥ ከዚህም ላይ የሚቀድመው ልክና ትዕግሥት ነው። በአንድ መሥመር የተሳሳተ ልጅ ስሕተቱን መምህሩ ሳይነግረው ዕቃው ራሱ ይነግረዋል፤ ክንፉ አይገጥምማ! ይህን ያህል በግልጥ የሚያርም መምህር እኔ አላየሁም። ለዐዋቂዎቹም ቢሆን ማጣጠፍ ንቀት የሚገባው ነገር አይደለም። ኮርዮ ሚውራ የተባለው የጃፓን ሊቅ የፈለሰፈው አስተጣጠፍ በ1995 እ.ኤ.አ. ወደ ጠፈር በወጣ የጃፓን ዕቃ ላይ የፀሐይ ኀይል መቀበያውን ለመዘርጋት ሥራ ላይ ውሏል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወደ ጠፈር የተላከው «ጄምስ ዌብ» የተባለው መነጽርም መስተዋቱ 6 ሜትር ተኩል ወርድ ስላለው፥ የሮኬቱ ራስ አልበቃው ብሎ ተጣጥፎ ወጥቶ በላይ ተዘረጋ። ይህን የሠሩት መሐንዲሶች ልጅ ሳሉ ደብተራቸውን የቀደደባቸው መኖር አለመኖሩን ማን ያውቃል።

ስለ ሰምና ወርቅ ሁላችንም እናወራለን። የቅኔ ሰዎች ቃሉን የወሰዱት ከአንጥረኛው ቤት ነው። አንጥረኛው ጌጡን በመጀመሪያ በሰም ይሠራዋል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይፈስና በባዶው ስፍራ ወርቁ ይገባል። ሰም ይቀልጣልና ምን ያደርጋል ብሎ የሚንቅ አንጥረኛ የለም። ሰሙ ከተበላሸ ወርቁም ይበላሻል። የጓሳው ልጅ የወረቀት መንኰራኵር በክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ይበሰብሳል፤ ልጁም ይህን ከኔ ይልቅ ያውቃል።

አንድ ወዳጄ ይህን ዐሳብ ባጫወትሁት ጊዜ፥ «የኛ ልጆች የፈረንጅ ፊልም መርከብ እየገለበጡ ቢያድሩ ምን ይጠቅመናል?» ሲል ተከራከረኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ታትሞ የመጣውን ሥዕል ቈርጦ ማጣበቅ ብቻ ለእጅ ልምምድ ይሆናል እንጂ ልብን አያሰፋም። ነገር ግን መገልበጥን ፈጽሞ የሚንቅ ሰው ትምህርት ከየት እንደሚጀምር ረስቷል። ፊደል የቈጠርነው የመምህራችንን ድምፅ እየተከተልን ነው፤ ዜማ የተማርነውም እንዲሁ። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ በመጀመሪያ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፥ ይቀጽላል፤ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ራሱን ከቻለ በኋላ ግን ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ቢደግመው ነውር ነው፤ የሌላውን ቢሰርቅማ መሳቂያ ይሆናል። በየቀኑ አዲስ እንዲወልድ ይገደዳል። ለወረቀቱም ሥራ ሕጉ ይኸው ይሁን፤ የመጀመሪያውን ይገልብጥ፥ ሁለተኛውን ያሻሽል፥ ሦስተኛውን ከራሱ ያውጣ። የጓሳው ልጅ ማንም ሳይነግረው በሁለተኛው ላይ ሁለቱን ክንፍ ሦስት አድርጓል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታየውና እዚሁ አገራችን ውስጥ የተሠራው «ክራምብስ» የተባለው ፊልም፥ ዳይሬክተሩ ሚጌል ያንሶ የተባለ ስፔናዊ ቢሆንም፥ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የቆመ መንኰራኵር የሚያሳይ፥ ዳንኤል ታደሰም እንደ ዋና ተዋናይ የተጫወተበት ነው። አንድ እንግዳ ሰው ሰማያችንን ለመንኰራኵር ማቆሚያ ብቁ አድርጎ ሲያየው እኛ ልጆቻችንን የምንቈጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላው ክርክር ከዚህ ይከብዳል። «የቤቱ ክዳን ሲያፈስ ስለ ጠፈር ማውራት ምንድን ነው?» ይላሉ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በቆየው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ ተዘጉና ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ እንደ ራቁ የታወቀ ነው። ከዚያም በፊት በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ዘልቆ እንደ ነበረ አንባቢ አይዘነጋውም። እንዲህ ባለው ጊዜ ስለ ወረቀት መንኰራኵር መጻፍ ለአንዳንዱ ቅንጦት ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን በተቃራኒው ነው የማየው። ትምህርት ቤት ቢዘጋ፥ መጽሐፍ ቢጠፋ፥ መብራት ቢቋረጥ፥ አንድ ከረጢትና አንድ እፍኝ ዱቄት ግን በልጁ እጅ ይቀራል። ከመማር ፈጽሞ እንዳይለይ የሚያደርገው ያ ከሆነ በምን ሞራል ነው የምንነጥቀው?

ስለ ክዳኑም ከተነሣ፥ በጓሳ ላይ የሚበቅለው ሣር እኮ ለመንዝ ቤቶች ክዳን የሚሆነው ነው፤ ገመዱም፥ መጥረጊያውም ከርሱ ነው። የአስቦና የጌራ ሰዎች ይህን ሜዳ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቀሮ» በተባለ ሥርዓት ይጠብቁት እንደ ነበረ ይነገራል። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ማንም ከብት አያሰማራበትም፥ ሣር አያጭድበትም፤ ሣሩ በደረሰ ጊዜ በአንድነት ተከፍቶ ሁሉም ይካፈላል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ ሥርዓቱ ተቋርጦ ነበር፤ ኋላም ሕዝቡ በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ። እንግዲህ ያን ሜዳ ዘግተው ያቆዩት አባቶች ዛሬ የሚያፈሰውን ክዳን ብቻ አላዩም፤ ገና ያልተሠራውን ቤት ክዳን በልባቸው ያዩ ነበሩ። ሩቁን ማየት ለመንዝ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም።

መንግሥታችንም ቢሆን ይህን ነገር እንደ ተረት አልተወውም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ወደ ጠፈር የወጣችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት 70 ኪሎ ያህል የምትመዝን ነበረች፤ ስለ እርሻና ስለ አየር ጠባይ ከላይ ሆና ምድራችንን እንድትመለከት ታስባ የተላከች ናት። የምትቈጣጠራት ጣቢያ በእንጦጦ ነበር። እንጦጦ 3200 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ በዚያም ሁለት ትልልቅ የከዋክብት መመልከቻ መነጽሮች ቆመዋል። ይኸውም ማለት የጓሳው ልጅ በጎቹን የሚጠብቅበት ሜዳ ሊቃውንቱ ሰማይን ከሚመለከቱበት ተራራ አይዘቅጥም፤ ይልቁንም በብዙ ስፍራ ይበልጣል። ከዚያም በፊት በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሠርታ የበረረችው «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን አለች። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር የሠራት ናት። በጠላት ወረራ ጊዜ ወደ ኢጣሊያ ተወሰደች፤ በ2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች። በመመለሷ ሁላችን ደስ አለን፥ ጋዜጦቻችንም በሰፊው ጻፉ። ደስታችን የምር ከሆነ ግን ከወረቀት አውሮፕላን የሚሠራውን ልጅ በዚያው ሳምንት ልንቈጣው ባልተገባ ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚል ጠያቂ የምመልሰው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም። በየትምህርት ቤቱ በሳምንት አንድ ሰዓት የእጅ ሥራ ሰዓት ተብሎ ይለይ፤ በሰዓቱም ልጆች ከወረቀትና ከካርቶን ልባቸው የፈቀደውን ይሥሩ። መምህሩ መርከብ መሥራት ባያውቅ ግድ የለም፤ የኔታም ስለ መርከብ ያውቁት የነበረው ሦስት ቍጥር ብቻ ነው። «ክንዱ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ለደብተሩም የሚያዝኑ ወላጆች እውነት አላቸውና ልጆች የሚሠሩበት ወረቀት ከደብተር ውጭ ይፈለግላቸው። ወደ ራሳችን ቤት ብንመለስ፥ በማተሚያ ቤቶች ጠርዙ እየተቈረጠ የሚወድቀው ወረቀት፥ በየመሥሪያ ቤቱ ባንድ ፊቱ ብቻ ተጽፎበት የሚጣለው ወረቀት፥ በየሱቁ የሚቃጠለው ካርቶን ጥቂት አይደለም። እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ብቻ በአንድ ሳምንት የሚጣለውን ባየሁ ጊዜ አፈርሁ። ለጽሑፍ የሚሆነው ወረቀት ስስ ስለ ሆነ ለገላው ድርብ ማድረግ ግድ ይላል፤ የመድኃኒትና የሳሙና ካርቶን ግን ለአፍንጫና ለክንፍ እጅግ የተመቸ ነው። ይህን ሰብስቦ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት በሚሄድ መኪና ላይ መጫን ኮሚቴ የሚያስፈልገው ሥራ አይመስለኝም። እኛ አገር ግን ኮሚቴ የማይቋቋምለት ነገር ስለሌለ ምናልባት ይቋቋምለት ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ፤ በልጅ ፊት የልጅን ሥራ መቅደድ ይቅር። ጥፋቱ ደብተር መገንጠል ከሆነ ስለ ደብተሩ ይቀጣ። ሥራው ግን ይመዘን፥ ይለካ፥ ይታረም።

ከጓሳ ስመለስ ለልጁ የአፍንጫውን ሒሳብ በጋዜጣ ጠርዝ ላይ ጽፌ ሰጥቼው ነበር። የእርሱ አፍንጫ ከገላው ጋር ሳይገጥም ቀርቶ በጭቃ ተመርጎ እንደ ነበረ አይቻለሁና ነው። አገላብጦ አየው፤ ቀጥሎም፥ «ጋሼ፥ ይህን ጋዜጣ አንብበው ሲጨርሱ ይጥሉታል?» ሲል ጠየቀኝ። ከተመለስሁም በኋላ አንድ ጥቅል ካርቶን፥ አንድ መቀስ፥ ክብ መሥሪያ ኮምፓስና ያልተጻፈባቸው ሁለት ደብተሮች ወደ መሐል ሜዳ በሚሄድ መኪና ሰደድሁ። ዕቃውን ከገበያ ላይ የተቀበለው አጎትየው ነው። ሾፌሩ በተመለሰ ጊዜ እንደ ነገረኝ፥ በማግሥቱ በጓሳ ሲያልፍ በጎቹን ሲጠብቅ ያየው አጎትየውን ብቻ ኖሯል።